ወስፌው፣ ነጠብጣቡና ስልኩ፦ የዓይነ ስውራን የንባብ ታሪክ ለወላጆች ምን ይላል?



ሐኪም «የልጃችሁ ዓይን በሕክምና አይመለስም» ሲል ብዙ ወላጅ የሚሰማው «ልጃችሁ ተስፋ የለውም» የሚል ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ዛሬ የ200 ዓመት ታሪክ አብረን እንቃኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ3 ዓመቱ ልጅ

ሉዊ ብሬይል በ1809 ከፓሪስ ብዙም በማትርቅ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ የቆዳ ባለሙያ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ክፍል በወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ጉዳቱም ወደ ሌላኛው ዓይን ተሻገረ። 5 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም ነበር።

ያን ጊዜ ኢንፌክሽን የሚያቆም መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው። ልጅዎ ዓይኑን በወስፌ፣ በእርሳስ ወይም በእንጨት ከተወጋ አይሹት፣ አይጫኑት፣ የተሰካ ነገር ካለም አይንቀሉ። ቅጠል፣ ቅቤ ወይም የጡት ወተት አይጨምሩበት። ዓይኑን በማይነካ ነገር ለምሳሌ በንጹሕ ኩባያ ሸፍነው በዚያው ቀን፣ ሳይውል ሳያድር፣ የዓይን ሕክምና ወዳለበት ይውሰዱት።

ወላጆቹ ያደረጉት

የሉዊ ወላጆች ልጃቸውን ቤት አልደበቁትም። አባቱ ዘንግ ቀርጾ ሰጠው፤ በዚያ እየተመራ የመንደሩን መንገድ ለመደ። ከእኩዮቹ ጋር የሰፈሩ ትምህርት ቤት ገባ። በ10 ዓመቱ፣ በ1819፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሄደ። ይህን ትምህርት ቤት በ1785 የመሠረተው ቫለንታን አዊ ነበር።

እዚያ የነበሩት መጻሕፍት የዓይናሞች ፊደል በወረቀት ላይ እንዲያብጥ ተደርጎ የታተሙ ናቸው። ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ መዳሰስ ጊዜ ይፈጃል። ተማሪው ማንበብ ቢችል እንኳ መጻፍ አይችልም። በኋላ ቻርልስ ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን በ12 ነጠብጣብ የሚጻፍ ዘዴ አመጣ። ብሬይል ይህን ወደ 6 ነጠብጣብ አሳጠረው። 6ቱ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባሉ፤ ጣት ሳይመላለስ ፊደሉን ይለያል። ይህን ሲያደርግ ገና 15 ዓመቱ ነበር። ነጠብጣቡን ለመጻፍ የሚጠቅመውም ሹል መውጊያ ነው፤ ዓይኑን ያጠፋበት ወስፌ ዘመድ ማለት ነው።

ዘዴውን በ1829 አሳተመው። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ትምህርት ቤቱ በይፋ የተቀበለው ግን በ1854፣ ብሬይል ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

ብሬይል በአማርኛም ይጻፋል። ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ ልጁ ከ200 በላይ ፊደላትን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም። ሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙዎችን በዚህ አስተምሯል። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች፤ ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳስመለጣት በአደባባይ ተናግራለች።

መጽሐፍን የሚያነብ ማሽን

ብሬይል አንድ ችግር አልፈታም። ደብዳቤ፣ ጋዜጣና የመድኃኒት ማሸጊያ የሚታተሙት ለዓይናሞች ነው። በ1976 አሜሪካዊው ሬይ ከርዝዌል የታተመ ገጽን አይቶ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ማሽን ይፋ አደረገ። ተአምር ነበር፤ ነገር ግን ግዙፍ ሲሆን ዋጋውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ ስቲቪ ዋንደር ነው።

በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው ቴድ ሄንተር በ1989 የኮምፒውተርን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ጆውስ አወጣ። በ2006 ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ወጣቶች ኤንቪዲኤ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም በነፃ ማዘጋጀት ጀመሩ። በ2009 ደግሞ ይህ አንባቢ ድምፅ አይፎንና አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ገባ። በ1976 ሀብታም ብቻ የሚገዛው ነገር ዛሬ በኪሳችን አለ።

ስልኩ ሲያይ

በ2015 ዴንማርካዊው ሃንስ ዮርገን ቪበርግ፣ እሱ ራሱ የማየት ችግር ያለበት ሰው፣ ቢ ማይ አይስ የተባለውን መተግበሪያ ጀመረ። ዓይነ ስውሩ በቪዲዮ ይደውላል፣ በጎ ፈቃደኛው «ይሄ ጣሳ ቲማቲም ነው» ይለዋል። በ2017 ማይክሮሶፍት ሲይንግ ኤአይን አወጣ፤ ሥራውን የመራው በ7 ዓመቱ ዓይነ ስውር የሆነው ሳቂብ ሼክ ነው። በ2023 ደግሞ በቢ ማይ አይስ ላይ የሚታየውን የሚገልጸው ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሆነ። ፎቶ ያነሱለታል፣ ይገልጻል፤ የሸሚዙን ቀለም፣ የፍሪጁን ዕቃ፣ የወረቀቱን ይዘት ይጠይቁታል።

ልብ ይበሉ፦ ከሉዊ ብሬይል እስከ ሳቂብ ሼክ፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹን የፈለሰፉት ወይም የመሩት ራሳቸው ማየት የማይችሉ ወይም የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። መሣሪያው ተማሪ አላደረጋቸውም፤ ተማሪ መሆናቸው ነው መሣሪያውን ያስገኘው።

ጥንቃቄ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማያውቀውን በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ፦

• የመድኃኒት ስምና መጠን በስልክ ብቻ አይወሰን፤ ፋርማሲስት ወይም የሚያይ ሰው ያረጋግጥ። በየማሸጊያው ላይ የሚዳሰስ ምልክት፣ ለምሳሌ ላስቲክ፣ ማሰር ይረዳል።
• መንገድ ለመሻገር ነጭ ዘንግና ሥልጠና እንጂ ስልክ ብቻ አይታመንም።
• የባንክ ካርድና የሕክምና ወረቀት ፎቶ ወደ መተግበሪያ ከመላክዎ በፊት ያስቡበት።
• በአማርኛ የሚያነቡ ድምፆች አሉ፤ ጥራታቸው ግን ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ አስቀድመው ይሞክሩት።

ዛሬ ምን ያድርጉ?

1. መጀመሪያ ምርመራ። በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የሚስተካከለው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። አያት «እርጅና ነው» ብለው ከተቀመጡ ያስመርምሯቸው። የሕፃን የዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ወይም ሕፃኑ 3 ወር ሞልቶት ፊትዎን በዓይኑ የማይከተል ከሆነ በፍጥነት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

2. ሕክምናው ካበቃ ትምህርቱ ይጀመር። ልጁ ነገሮችን ይዳስስ፣ ይውጣ፣ ይጫወት፣ የቤት ሥራ ይታዘዝ። ዕድሜው ሲደርስ ብሬይልና የዘንግ አጠቃቀም ይማር። «ስልክ ስላለ ብሬይል አያስፈልግም» አይበሉ፤ ድምፅ የሰማ ልጅ ታሪኩን ያውቃል፣ ፊደል አጣጣሉን ግን በጣቱ ካልዳሰሰ አይማረውም።

3. ከዚያ ስልኩ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ሥር ቶክባክን ያገኛሉ። ሲከፈት የስልኩ አነካክ ስለሚቀየር መጀመሪያ እርስዎ ይለማመዱት፣ ከዚያ ያስተምሩት።

የኩቭሬው ቆዳ ሠራተኛ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዘንግ ቀርጾ ልጁን ትምህርት ቤት ላከ። ከእርስዎም የሚጠበቀው የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው።

ዓይነ ስውር ልጅ ላለው ቤተሰብ ያጋሩልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።