የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ወጪ በማን ይሸፈናል? ከጣሪያና ግድግዳ ግብር እስከ ንብረት ታክስ

የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብና አወጋገድ፣ ቄራ፣ የእሳት አደጋ መከላከል፣ የመቃብር ቦታና አረንጓዴ ስፍራ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶች ተብለው ይታወቃሉ። ነዋሪው እነዚህን አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚያስታውሳቸው ሲጓደሉ ነው። ቦዩ ተደፍኖ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲሰነብት ሠፈሩ ይሸታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም።

በኢትዮጵያ የከተማ አስተዳደሮች ሁለት ዓይነት ተግባራትን ያከናውናሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ትምህርትና ጤና ያሉ መንግሥታዊ ተግባራት ሲሆኑ ወጪያቸው በዋናነት ከክልል በሚመደብ ጥቅል በጀት ይሸፈናል። ሁለተኛዎቹ ከላይ የተዘረዘሩት የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶች ናቸው፤ እነዚህን ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ እንዲያከናውን ይጠበቃል። ስለሆነም የመምህሩ ደመወዝ በጥቅል በጀት ሲከፈል የቦዩ ጽዳት ግን ከተማው በሰበሰበው ገንዘብ ልክ ይወሰናል። በአነስተኛ ከተሞች ይህ ገቢ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ከዋለ በኋላ ለአዲስ ግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ለጥገና የሚተርፈው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 16 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞች በስፋትም በሕዝብ ብዛትም አድገዋል፤ የገቢ ሥርዓታቸው ግን ለረጅም ጊዜ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙም ፈቅ አላለም።

የ1967ቱ አዋጅ ያስከተለው

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይም በአዋጁ መሠረት ተቀነሰ። እርምጃው ለብዙ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች በርካሽ የሚኖሩበት ቤት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሻሻል በመቆየቱ ቀበሌው ከአንድ ቤት የሚሰበስበው ገንዘብ የዚያኑ ቤት ጣሪያ ለማደስ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ተከራዩ በበኩሉ የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ማውጣት አይደፍርም። በነባር የከተማ መሐል ሠፈሮች የሚታየው የቤቶች እርጅና አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን ደነገገ። ይህ ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» በሚል ስም የሚያውቀው ነው። የቦታ ኪራይ በካሬ ሜትርና በቦታው ደረጃ ይሰላል፤ የቤት ግብር ደግሞ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ በሚችለው የኪራይ ግምት ላይ ይጣላል። አሠራሩ በራሱ ስህተት አልነበረበትም፤ በብዙ አገሮች የሚገኙ ማዘጋጃ ቤቶችም በተመሳሳይ መንገድ ይጠቀማሉ። ችግሩ የመጣው ግምቱ በወቅቱ ባለመታደሱ ነው። አዋጁ በ1971 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ የቤትና የቦታ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲያድግ የግብሩ መሠረት ባለበት ቆየ። በብዙ ከተሞች የአንድ ቤት የዓመት ግብር ቤቱ ከሚያስገኘው የአንድ ወር ኪራይ እጅግ ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። በሌላ አነጋገር ከተማው በሠራው መንገድና በዘረጋው ቦይ ምክንያት የአንድ ይዞታ ዋጋ ሲጨምር፣ ከጭማሪው ወደ ከተማው ካዝና የሚመለስ ነገር የለም ማለት ይቻል ነበር።

ሊዝ፦ አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ገቢ

ክፍተቱን የሞላው የመሬት ሊዝ ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የመጀመሪያው አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጥቶ በ1994 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ፤ ቀጥሎም በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721/2004 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቦታ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን ተጫራቹ በቅድሚያ የሚከፍለው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ቀሪው በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፈላል።

ሊዝ በተለይ ለትልልቅ ከተሞች ከፍተኛ ገንዘብ አስገኝቷል፤ ብዙ መንገድና የውኃ መስመርም ተሠርቶበታል። ነገር ግን ሁለት ውስንነቶች አሉት። አንደኛ፣ አንድ ቦታ በሊዝ የሚተላለፈው አንድ ጊዜ ነው። የክፍያው ዘመን ሲያበቃ መንገዱ ይጠገናል፣ መብራቱ ይቀየራል፣ ገቢው ግን የለም። ዓመታዊ ወጪውን በሊዝ የሚሸፍን ከተማ በየዓመቱ አዲስ ቦታ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛ፣ አዲስ ቦታ በአብዛኛው የሚገኘው ከከተማው ዳርቻ፣ ከአርሶ አደር ይዞታ ነው። ለልማት ተነሺዎች ካሣ መክፈልና መልሶ ማቋቋም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ ግዴታ ሲሆን ካሣው በወቅቱና በተገቢው መጠን ካልተከፈለ ጉዳቱ በቤተሰብ ሕይወት ላይ ይወድቃል። ከተማው ወደ ጎን በሰፋ ቁጥርም የውኃ መስመሩ፣ የቆሻሻ መኪናው ጉዞና የመንገዱ ርዝመት ይጨምራል። ዛሬ በጨረታ የተገኘው ገንዘብ የነገውን የጥገና ወጪ ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ ይህ ስሌት በከተሞች የበጀት ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

በሕጋዊ መንገድ የሚቀርበው ቦታ ከፍላጎቱ ሲያንስ ደግሞ በተለምዶ «የጨረቃ ቤት» የሚባለው ግንባታ ይስፋፋል። የእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎች ሊዝም ሆነ የቦታ ኪራይ አይከፍሉም፤ ውኃ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ግን እንደማንኛውም ሰው ያስፈልጋቸዋል። በፈረሰ ቤት የሚጎዳው ቤተሰብም ሆነ ያለ ፕላን የተያዘውን ሠፈር በኋላ ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

የረጲ አደጋ

የአገልግሎት ጉድለት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል በግልጽ የታየው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ «ቆሼ» በሚባለው የረጲ የቆሻሻ ማስወገጃ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ግርጌ በተሠሩ ጎጆዎች ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ማስወገጃው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያገለገለና በየጊዜው በቤቶች የተከበበ ነበር። በሰንዳፋ የተሠራው አዲስ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ በመቋረጡ ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ረጲ ይወሰድ ነበር። የከተማ ቆሻሻ ከከተማው ወሰን ውጭ ለሚገኝ ማኅበረሰብ የሚተርፍ ጉዳይ በመሆኑ ከዚያ ማኅበረሰብ ጋር አስቀድሞ መመካከርና ጥቅሙን ማስጠበቅ ከግንባታው ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። በተግባር ግን የክፍያው ሥርዓት ወደዚህ አይገፋም። በአዲስ አበባ የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውኃ ፍጆታ ደረሰኝ ጋር ይሰበሰባል፤ ቆሻሻውን ከየቤቱ የሚያነሱት ማኅበራት ደግሞ በሰበሰቡት መጠን ሲከፈላቸው ቆይቷል። የራሱ የውኃ ቆጣሪ የሌለው ቤት በቀጥታ አይከፍልም፤ በመጠን የሚከፈለው ሠራተኛም ቆሻሻውን ከመለየት ይልቅ አብዝቶ ማንሳት ያዋጣዋል።

የንብረት ታክስ

የንብረት ታክስ በሕገ መንግሥቱ የገቢ ክፍፍል ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። በአንቀጽ 99 መሠረት ተለይቶ ያልተሰጠ የታክስ ሥልጣን በፌዴሬሽን ምክር ቤትና በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጋራ ስብሰባ የሚወሰን በመሆኑ ጉዳዩ በ2015 ዓ.ም. ለጋራ ስብሰባ ቀርቦ ሥልጣኑ ለክልሎች እንዲሆን ተወሰነ። የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ጸደቀ። ታክሱ የሚጣለው በከተማ ቦታ የመጠቀም መብትና በቦታው ላይ ባለው ሕንጻ ላይ ሲሆን ዋናው ልዩነቱ መሠረቱ ከወቅታዊ የንብረት ዋጋ ጋር መያያዙ ነው።

በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚነሳ ሥጋት አለ። በከተማ መሐል በወረሱት አሮጌ ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ የይዞታቸው ዋጋ ቢንርም ገቢያቸው ያው ጡረታ ነው። ለእንዲህ ያሉ ባለይዞታዎች የአከፋፈል ሁኔታ በማስፈጸሚያ ሕጎች በግልጽ ካልተመለሰ ታክሱ ቤታቸውን እንዲሸጡ ሊያስገድዳቸው ይችላል።

ግምቱ ትክክል የሚሆነው ይዞታው በትክክል ሲመዘገብ ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ሕጋዊ ካዳስተር እንዲዘረጋ ያዘዘ ሲሆን ሥራው ከከተማ ከተማ በእኩል ደረጃ ላይ አይደለም። ምዝገባው ባልተጠናቀቀበት ከተማ ታክሱ ካርታ ባለው ባለይዞታ ላይ ብቻ ሊወድቅ ይችላል፤ ሰነድ የሌለው ጎረቤት ግን በዚያው መንገድ እየተጠቀመ ሳይከፍል ይቀራል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተከታታይ የተካሄዱትና በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው ምዕራፍ 117 ከተሞችን ያቀፉት መርሐ ግብሮች ድጋፉን ከአፈጻጸም ምዘና ጋር ያያያዙት፣ ከተሞችም የገቢ ማሳደጊያና የንብረት አስተዳደር ዕቅድ እንዲያዘጋጁ የጠየቁት ለዚህ ነው።

ባለይዞታዎች የግምት ማስታወቂያ ሲደርሳቸው የቦታው ስፋት፣ የቦታው ደረጃ፣ የሕንጻው ስፋትና አገልግሎት በትክክል መመዝገቡን ከካርታቸው ጋር ማመሳከር ይኖርባቸዋል። በካርታው ላይ በተጻፈው ስፋትና መሬት ላይ በተለካው መካከል ልዩነት ካለ፣ ወይም መኖሪያ ቤቱ በንግድ ቤትነት ተመዝግቦ ከሆነ፣ ቅሬታው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከማስረጃው ጋር በጽሑፍ ለከተማው የገቢ ጽሕፈት ቤት ቢቀርብና የተቀበለው አካል ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅ ቢቀመጥ ይመረጣል።