የአርጀንቲና የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ማኅበራቸው



አንድ መምህር በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መብቱ ቢነካበት በፊቱ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ወንበሩን ትቶ ይሄዳል፤ ወይም ከወንበሩ ሳይነሣ ይከራከራል። የመጀመሪያውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ያለ ጓደኛ ሊዘልቀው አይችልም። የአርጀንቲና አገር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል፤ የከፈሉትም ዋጋ ቀላል አልነበረም። በዛሬው ንግግራችን የማኅበራቸውን ታሪክ ባጭሩ እናወሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የሚጀምረው በኮርዶባ ከተማ ነው። የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ በ1613 ዓ. ም. በኢየሱሳውያን ካህናት የተመሠረተ፤ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የቀደመ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን፤ ተማሪዎቹ እንደሚሉት፤ የመምህርነቱ ወንበር በዕውቀት ሳይሆን በዘመድና በወዳጅ የሚያዝ፤ የተቀመጠበትም ሰው ዕድሜ ልኩን የማይነሣበት ርስት ሆኖ ነበር። በጁን 15 ቀን 1918 ዓ. ም. ተማሪዎቹ የሬክተሩን ምርጫ አንቀበልም ብለው ጉባኤውን በተኑ፤ የትምህርት ማቆም አድማም ዐወጁ። ከስድስት ቀን በኋላም ዴኦዶሮ ሮካ የተባለው ወጣት የሕግ ዐዋቂ የጻፈው መግለጫ ታትሞ ወጣ፤ ዝናውም በደቡብ አሜሪካ ሁሉ ተሰማ። ፕሬዚዳንት ኢፖሊቶ ኢሪጎየንም የተማሪዎቹን ጥያቄ አብዛኛውን ተቀበሉት። ከዚህ በኋላ ወንበር በግልጽ ውድድር እንዲሰጥ፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር፤ መምህራንና ተማሪዎች፣ ኋላም ተመራቂዎች፣ በአስተዳደሩ እንዲካፈሉ የሚለው ሐሳብ በአገሪቱ ሥር ሰደደ።

ይህ ትልቅ ነጻነት ነበር። ነገር ግን ከዚሁ ነጻነት አንድ ችግር ተወለደ። በዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ተቀምጦ ዲኑንና ሬክተሩን የሚመርጥ መምህር ራሱን እንደ ቤቱ ባለቤት እንጂ እንደ ደመወዝተኛ አይቈጥርም። በፋብሪካና በምድር ባቡር የሚሠሩት ሰዎች በብርቱ ማኅበር ሲደራጁ፤ ፕሮፌሰሩ ከማን ጋር ይደራደር? ከራሱ ጋርን? ከዚህም በላይ ብዙዎቹ መምህራን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ በዩኒቨርሲቲው ሠርተው፤ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሐኪም ቤት፣ ከጥብቅና ወይም ከመሐንዲስነት ሥራ ነበር። ከረዳት መምህራን መካከልም ለክብሩ ብቻ ያለ ደመወዝ የሚያስተምሩ ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች በአንድ ማኅበር መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

ማኅበር የሌለው መምህር ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ በ1943 ዓ. ም. ታየ። በዚያ ዓመት ወታደሮች መንግሥቱን ያዙ፤ ወደ ሕገ መንግሥታዊ አስተዳደር እንመለስ በሚል መግለጫ ላይ የፈረሙ ፕሮፌሰሮችም ከሥራቸው ተባረሩ። ከነዚህ አንዱ የታወቁት የሕክምና ሊቅ ቤርናርዶ ኡሳይ ነበሩ። ኡሳይ ወዳጆቻቸው ባዋጡት ገንዘብ የግል የምርምር ተቋም መሥርተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ1947 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እንደ እርሳቸው ያለ ዝናና ባለጸጋ ወዳጅ ያለው መምህር ስንት ነው? ለሌላው መባረር ማለት እንጀራ ማጣት ነው። ከዚያም በኋላ መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ይኸው ነገር ተደገመ። በፔሮን ዘመን የተቃወሙት ተባረሩ፤ ፔሮን በ1955 ዓ. ም. ከወደቁ በኋላ ደግሞ የደገፏቸው ተባረሩ።

በ1957 ዓ. ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ አዲስ አንቀጽ ተጨመረ። ይህም አንቀጽ ሠራተኞች በነጻ እንዲደራጁ፤ ማኅበራቸውም የኅብረት ስምምነት እንዲዋዋልና የሥራ ማቆም አድማ እንዲያደርግ መብት ይሰጣል። መምህራኑ ግን ያን ጊዜ ዐይናቸው ወደ ሌላ ነበር። የቡዌኖስ አይሬስ ዩኒቨርሲቲ በነጻነቱ ደምቆ፤ ላቦራቶሪው ተስፋፍቶ፤ በ1961 ዓ. ም. ክሌሜንቲና የተባለችው ኮምፒዩተር ሥራ ጀምራ ነበርና ስለ ማኅበር የሚያስብ ጥቂት ነበር።

በጁን 28 ቀን 1966 ዓ. ም. ጄኔራል ኦንጋኒያ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ከአንድ ወር በኋላ የዩኒቨርሲቲዎቹን የራስ አስተዳደር የሚሽር ሕግ አወጡ። በዚያው ሌሊት፤ ይኸውም በጁላይ 29 ቀን፤ መምህራንና ተማሪዎች በሳይንስ ፋኩልቲው ሕንጻ ተሰብስበው ሳሉ ፖሊስ በሩን ሰብሮ ገባ። ፖሊሶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው በመካከላቸው የሚያልፈውን ሁሉ በረጅም ዱላ ደበደቡ፤ ዲኑን ሮላንዶ ጋርሲያንም አልማሩም። ለማስተማር የመጡት አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዋረን አምብሮዝም ተደብድበው፤ ያዩትን ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጽፈው ለዓለም አስታወቁ። ያ ሌሊት እስከ ዛሬ የረጃጅም ዱላዎች ሌሊት ተብሎ ይጠራል።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ? መልቀቅ ይሻላል ወይስ መቅረት? ይህ ክርክር ጓደኛን ከጓደኛ ለየ። ከ1,300 በላይ የሚሆኑ መምህራን ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ 300 ያህሉም አገራቸውን ትተው ተሰደዱ። ክሌሜንቲናን ያሠሩ የነበሩት የሒሳብ ሰዎችም ተበተኑ። ክብራቸውን ጠበቁ፤ በዚህ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን ባዶ የቀረውን ወንበር ለወደደው የሚሰጠው ያው የደበደባቸው መንግሥት ነበር። በአንድ ላይ ሆኖ ስለ ሁሉ የሚናገር ብርቱ ማኅበር ስላልነበረ፤ ለብዙዎቹ የተቃውሞ መሣሪያቸው የስንብት ደብዳቤ ብቻ ሆነ።

የባሰው ገና ይመጣ ነበር። በ1974 ዓ. ም. የታወቁት መምህርና ጠበቃ ሲልቪዮ ፍሮንዲሲ በነፍሰ ገዳዮች ተገደሉ። ከ1976 እስከ 1983 ዓ. ም. በቆየው የወታደሮች አገዛዝ ደግሞ ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ተይዘው ደብዛቸው ጠፋ። በዚያ ዘመን ስለ ማኅበር ማውራት ለነፍስ የሚያሰጋ ነበር።

በዲሴምበር 1983 ዓ. ም. ራውል አልፎንሲን በሕዝብ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ መምህራኑ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ማኅበሮች ተሰባስበው በ1985 ዓ. ም. ኮናዱ የተባለውን አገር አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ሬክተሮቹም የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ። አሁን የድርድር ጠረጴዛ ተዘረጋ ማለት ነው። ነገር ግን ያ የድሮው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ፤ አሠሪው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው ነጻ ስለ ሆነ መምህሩን የሚቀጥረው ሬክተሩ ነው፤ ደመወዙን የሚልከው ግን የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ሬክተሩም ራሱ መምህር ነው፤ የሚመርጡትም መምህራን ናቸው። ስለዚህ የሥራው ሁኔታ ከሬክተሮች ምክር ቤት ጋር፤ የደመወዙ ጕዳይ ደግሞ ከመንግሥት ጋር እንዲነጋገሩበት ሆነ።

ብዙ ዓመት ከፈጀ ድርድር በኋላ በ2015 ዓ. ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የኅብረት ስምምነት በፕሬዚዳንት ድንጋጌ ጸደቀ። በዚህ ስምምነት የመምህሩ የሥራ ደረጃ፣ ዕረፍቱ፣ ፈቃዱና የዕድገቱ መንገድ ተወሰነ፤ ለብዙ ዓመት በጊዜያዊነት የቆየውም ወደ ቋሚነት የሚገባበት በር ተከፈተ። ያ በ1918 ዓ. ም. በውድድር ይሰጥ የተባለው ወንበር፤ ከዘጠና ሰባት ዓመት በኋላ፤ የሠራተኛነት መብት ታከለበት።

ይሁን እንጂ ማኅበር ስለ ተቋቋመ ብቻ ሁሉ ነገር ተቃና ማለት አይደለም። ኮናዱ ለሁለት ተከፍሎ የተለየው ወገን ኮናዱ ኢስቶሪካ ተባለ፤ ሌሎችም ፌዱንን የመሰሉ ፌዴሬሽኖች አሉ፤ የቴክኖሎጂው ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የራሳቸው አላቸው። አንዱ በአድማ ሲጸና ሌላው ሲስማማ የታየበት ጊዜ አለ።

ብርቱ ፈተና ሲመጣ ግን አንድነት ታየ። በ2023 ዓ. ም. በአገሪቱ የዋጋ ንረት ከመቶ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ደረሰ። አዲሱ የፕሬዚዳንት ሐቪየር ሚሌይ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎቹ የዚያኑ ያለፈውን ዓመት በጀት ደገመላቸው፤ የመምህሩ ደመወዝም በገበያ ፊት መነመነ። በኤፕሪል 23 ቀን 2024 ዓ. ም. የመምህራን ማኅበራት፣ ተማሪዎችና በድርድሩ ጠረጴዛ ማዶ የሚቀመጡት ሬክተሮች ሳይቀሩ በአንድነት ሕዝቡን ጠርተው በየከተማው እጅግ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቶቹ ያወጡትን የዩኒቨርሲቲ በጀት ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሻሩት፤ እንደራሴዎቹም ሽረቱን ለማንሣት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጡ። በ2025 ዓ. ም. ግን ሌላ ሕግ ወጣ፤ እንደ ገና ተሻረ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ምክር ቤቶች ሽረቱን አንሥተው ሕጉን አጸኑት። መንግሥቱም ሕጉን ካወጀ በኋላ የገንዘቡ ምንጭ እስኪወሰን ድረስ አፈጻጸሙን አገደ። እንግዲህ ማኅበር ድልን ዋስ ሆኖ አይሰጥም።

ነገር ግን ሁለቱን ዘመኖች አስተያዩ። በ1966 ዓ. ም. መምህሩ በደሉን የተቃወመው ወንበሩን በመልቀቅ ነበር፤ አገሪቱም ሊቆቿን አጣች። በ2024 ዓ. ም. ደግሞ ለሰልፍ ወጥቶ በማግስቱ ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። በወንበሩ ተቀምጦ መከራከር የቻለው ብቻውን ስላልሆነ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሸማኔው ብቻ ሳይሆን ለሊቁም የተነገረ ነው።

የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ተፈጸመ።