አባ ጎርጎርዮስ በባዕድ አገር ያገኙት ዘመድ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጎረቤላ ሲደርስ፣ የአንኮበር ቤተ መንግሥት የነበረበትን ሾጣጣ ኮረብታ ያያል። ከኮረብታው ባሻገር ምድሩ ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የተነሣ እንግዳ የአዳልን በረሃ አቋርጦ፣ ፋሬ ላይ በኬላ ተጠይቆ፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው በዚያ ዳገት ነበር። ጀርመናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በ1839፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም በ1841 የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፋቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እነዚህ እንግዶች ስለ እኛ የጻፉትን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ መጽሐፎቻቸው ዛሬም ይጠቀሳሉ። አንድ ቀን በጎረቤላ ከአንድ አዛውንት ጋር ስለነዚሁ ሰዎች ስንጫወት፣ «እነሱስ መጥተው ቤታችንን አዩ፤ ከእኛ ወገን ሄዶ የእነሱን ቤት ያየ አልነበረም ወይ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነበረ እንጂ። ክራፕፍ አንኮበር ከመግባቱ 187 ዓመት አስቀድሞ አንድ የአማራ ተወላጅ መነኩሴ በጀርመን አገር ጎታ በምትባል ከተማ በእንግድነት ተቀምጠው ነበር። ከንጉሥ ተልከው ወይም ንግድ ይዘው አልሄዱም፤ ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ እንደሚሄድ፣ በወዳጃቸው ተጠርተው ነው የሄዱት።

እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አገራቸው መካነ ሥላሴ ነው፤ በዛሬው ወሎ፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በ1531 በግራኝ ጦር የተቃጠለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን መምህራን ወገን ቆሙ። በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 መንግሥቱ ለዐፄ ፋሲለደስ ሲተላለፍና ንጉሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ሲያስወጡ፣ እርሳቸውም ተከትለው ወጡ፤ በመጨረሻም ሮም ገቡ። ስለዚህ ምርጫቸው መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ አገራቸውን ያጡ ሰው ሆነው መኖራቸውን ማወቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሆላንድ እንሻገር። የላይደን ዩኒቨርሲቲ በ1575 ከተቋቋመ ወዲህ የምሥራቅ ቋንቋዎች የሚጠኑበት ዝነኛ ቤት ሆኖ ነበር። ቀድሞ ስካሊገር የተባለው ሊቅ፣ የኢትዮጵያን ባሕረ ሐሳብ ጭምር መርምሮ የጻፈው፣ በዚያ ተቀምጧል፤ ኋላም ኒሰልና ፔትሬዎስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1654 የሐዋርያትን መልእክቶች በግእዝ ፊደል በዚያው ከተማ አሳትመዋል። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው የኤርፉርት ልጅ የተማረው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሉዶልፍ በ1624 የተወለደ ሲሆን፣ ገና በወጣትነቱ የግእዝ ፍቅር አድሮበት፣ በሮም የታተሙትን ጥቂት የግእዝ መጻሕፍት እየተመለከተ ያለ መምህር ይማር ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ሲናገር በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። የኛ ተማሪ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ ሳይቀበል ድጓውን በዐይኑ ብቻ ቢያጠና ምን እንደሚመስል፣ ያን ያህል ነበር ዕውቀቱ።

በ1649 ሉዶልፍ ለስዊድን መንግሥት የሚፈለጉ ጽሑፎችን እንዲያስስ ወደ ሮም ተላከ። እዚያም በቅዱስ እስጢፋኖስ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ወጣቱ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ መነኩሴው በዕድሜ አባቱ ይሆኑ ነበር። ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚገናኙበት ቋንቋ ግእዝ ሆነ። ይህ ለሉዶልፍ ብቻ አስቸጋሪ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ግእዝ በቤተ ክርስቲያንና በመጽሐፍ ያለ ቋንቋ እንጂ በዚያን ዘመን በገበያም ሆነ በማጀት የሚነገር አልነበረም። ጠዋት «እንዴት አደርህ» ለማለት፣ የእንጀራን አጋገር ለማስረዳት፣ አባ ጎርጎርዮስም ከቅኔ ቤት ያወጡትን ቋንቋ ወደ ተራ ጨዋታ ማውረድ ነበረባቸው። ጥቂት ቆይቶ ጀርመናዊው አማርኛውንም ይጠይቃቸው ጀመር።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በሳክስ ጎታ መስፍን በኤርንስት አገልግሎት ገባ። ስለ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ለመስፍኑ ቢነግረው፣ መስፍኑ ወዲያው አስጠራቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው ኑረምበርግ ሲደርሱ ሉዶልፍ በዚያ ተቀበላቸው። በመጀመሪያ ወደ ሄልድቡርግ ግንብ፣ ከዚያም ወደ ጎታ ሄዱ።

አባ ጎርጎርዮስ የደረሱባትን ከተማ ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። በጀርመን ምድር ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች የተላለቁበት የሠላሳ ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በሃይማኖት ጠብ ከተቃጠለ አገር የወጡት መነኩሴ፣ በሃይማኖት ጠብ ተቃጥሎ ወደነበረ ሌላ አገር ገቡ ማለት ነው። ያውም እርሳቸው የሮምን ወገን የተከተሉ ሲሆኑ፣ ባለቤቱ መስፍን የሉተር ተከታይ ነበረ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1643 መስፍኑ ማሠራት የጀመረው ቤተ መንግሥት ፍሪደንስታይን ይባላል፤ ትርጓሜው የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። እንግዳው ሲደርሱ ግንቡ ገና አላለቀም ነበር። ይኸው መስፍን በ1642 በግዛቱ ያሉ ልጆች፣ ወንድም ሴትም፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣ ሰው ነው። በጠመንጃ ድምፅ መካከል ስለ ፊደል ማሰቡ ለኔ ከግንቡ ይበልጥ ያስደንቀኛል።

በጎታ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም ሥራ የበዛበት ነበር። መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ይጠይቃሉ፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ ይጽፋልም። በመስከረም ላይ የሰሜኑን ክረምት ፈርተው ተሰናበቱ። የደጋ ሰው ብርድ ፈራ ቢባል የአንኮበር ሰው ይሥቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የጀርመን ክረምት ከአንኮበር ውርጭ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከተለያዩ በኋላ ሁለቱ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። የጎታው ጭውውት ፍሬ በ1681 በላቲን ቋንቋ የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ፣ በ1684 ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጣ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ካሉት ቃላት ብዙዎቹ ከመካነ ሥላሴው መነኩሴ አፍ የተለቀሙ ናቸው። ሉዶልፍም ይህን አልሸሸገም፤ ስማቸውን ደጋግሞ በአክብሮት ያነሣል። ከሌላው የቀዱትን የራሳቸው አስመስለው በሚያወጡ ጸሐፊዎች መካከል ይህ የሚመሰገን ነው።

መስፍን ኤርንስት ጉብኝቱን ለመመለስ ፈልጎ ነበር። በ1663 ቫንስሌብ የተባለውን የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ሰውየው ግን ግብጽ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ረዥም ዘመን አልፎ፣ ክራፕፍ ከሸዋ ያገኛቸውን የግእዝ መጻሕፍት ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቱቢንገን ላከ። ዲልማን የተባለው ወጣት ግእዝ የተማረው በዚያ ነው፤ በ1865 ያሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላትም እስከ ዛሬ ሊቃውንት ከእጃቸው የማይለዩት ነው። በአንኮበር ከክራፕፍ ጋር አብሮ የነበረው ኢዘንበርግም በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በሎንዶን አሳተመ።

ይህን ሁሉ በጎረቤላ ለእኒያ አዛውንት ስተርክላቸው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ስለ መጻሕፍቱ ምንም አልጠየቁኝም።

«ለመሆኑ ላገራቸው አፈር በቁ?» አሉኝ።

አልበቁም። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ መርከብ ተሳፍረው ሲጓዙ፣ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮን አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠሙ። መቃብር የላቸውም። ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ፣ በ1691 ሉዶልፍ የታሪኩን ማብራሪያ ሲያሳትም፣ የወዳጁን መልክ በመዳብ አስቀርጾ በመጽሐፉ ውስጥ አኖረው።