ጀርመንና ሪፐብሊካዊት ቻይና፦ የዊልያም ከርቢ ጥናት

ዊልያም ከርቢ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁርና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቻይና ጥናት ፕሮፌሰር ናቸው። በ1984 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው «ጀርመንና ሪፐብሊካዊት ቻይና» የተሰኘው መጽሐፋቸው፣ በቻይናው መሪ በቺያንግ ካይ-ሼክ መንግሥትና በጀርመን መካከል የነበረውን ትብብር ይመረምራል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ባለው ዘመን ጀርመኖች ስለ ቻይና ያካበቱት ዕውቀት ለቅኝ ገዢዎች መንገድ ጠራጊ ነበር። የምድር ሳይንስ ሊቁ ፈርዲናንድ ፎን ሪሽትሆፈን ከ1868 እስከ 1872 አገሪቱን ዞሮ የሻንዶንግን የድንጋይ ከሰልና የጂያዎጆው ወሽመጥን ጠቀሜታ መዘገበ። በ1897 ጀርመን የሁለት ሚሲዮናውያንን መገደል ሰበብ አድርጋ ወሽመጡን ያዘች፤ በማግሥቱ ዓመትም ለ99 ዓመት የኪራይ ውል አስፈረመች። በ1914 ግን ጃፓን ከእጇ ነጠቀቻት።

ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሸነፏ ግንኙነቱን ከሥሩ ለወጠው። በ1921 ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት በቻይና የሚኖሩ ጀርመናውያን በቻይና ሕግ የሚዳኙ ሆኑ። ብሪታንያና ፈረንሳይ ግን ዜጎቻቸው በቻይና ሕግ እንዳይዳኙ የሚያደርገውን ልዩ መብት ገና አልለቀቁም ነበር። ስለዚህ መቀመጫው ናንጂንግ የነበረው የቺያንግ መንግሥት ባለሙያ ሲሻ፣ በቻይና ግዛት ላይ መብት የማይጠይቀው ጀርመናዊ ተመራጭ ሆነ። ይህ የምርጫው ባለቤት ቻይና መሆኗን ያሳያል፤ ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የጦር አማካሪ ኮሎኔል ማክስ ባወር በ1927 መጨረሻ ቺያንግን አገኘ፤ በ1929 በፈንጣጣ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ሄርማን ክሪበል፣ ጌኦርግ ቬትሰል፣ ሃንስ ፎን ዜክትና አሌክሳንደር ፎን ፋልከንሃውዘን ተከታትለው መጡ። የጦር ሥልጠናው በሰፊው ቢወራለትም ግንኙነቱን ደግፎ የያዘው ማዕድን ነው። ጀርመን ለጠንካራ ብረትና ለጦር መሣሪያ የሚያስፈልጋት ተንግስተን አልነበራትም፤ ቻይና ግን በተለይ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ሞልቷት ነበር። በጥር 1934 በርሊን ላይ የተቋቋመው ሃፕሮ የተባለው ኩባንያ ማዕድኑን በመሣሪያና በፋብሪካ ዕቃ ይለውጥ ጀመር፤ በ1936ም ለቻይና የ100 ሚሊዮን ራይሽስማርክ ብድር ተፈቀደ። በቻይና በኩል ሥራውን የያዘው የብሔራዊ ሀብት ኮሚሽን ሲሆን፣ ከመሪዎቹ አንዱ በቤልጂየም የተማረው የጂኦሎጂ ሊቅ ዌንግ ዌንሃዎ ነበር። ኮሚሽኑ ማዕድን ከመሸጥ አልፎ ከባድ ኢንዱስትሪ በመንግሥት እጅ የሚተከልበትን ዕቅድ ነደፈ።

ነሐሴ 1937 ሻንጋይ ላይ ውጊያ ሲፈነዳ በጀርመኖች የሠለጠኑት ክፍለ ጦሮች ጃፓንን ገጥመው እጅግ ተጎዱ። በ1938 ሪበንትሮፕ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ በርሊንም ለጃፓን አድልታ፣ ጃፓን በማንቹሪያ ለመሠረተችው ማንቹኩዎ ዕውቅና ሰጠች፣ የመሣሪያ ጭነቱን አቋረጠች፣ አማካሪዎቿን ጠራች። ፋልከንሃውዘንና ባልደረቦቹ በበጋው ቻይናን ለቀው ወጡ። ከጀርመን ጦርና ኢንዱስትሪ ወገን ብዙዎች ይህን ውሳኔ ተቃውመው ነበር፤ የበርሊንን የቻይና ፖሊሲ ከአንድ ሰው ፍላጎት የመነጨ አድርጎ መቁጠር ስለዚህ ያሳስታል። በሐምሌ 1941 ጀርመን በጃፓን ለሚደገፈው የዋንግ ጂንግዌይ መንግሥት ዕውቅና ስትሰጥ የቺያንግ ቻይና ግንኙነቱን በጠሰች፤ በታኅሣሥም ጦርነት አወጀች።

ከርቢ በኋለኛ ጥናታቸው የኮሚሽኑን ባለሙያዎች ዱካ ተከትለዋል። ከ1949 በኋላ ከመሐንዲሶቹ ብዙዎቹ በዋናው ምድር ቀርተው የኮሚኒስቱን መንግሥት የኢንዱስትሪ ዕቅድ አገለገሉ፤ ወደ ታይዋን የተሻገሩት ደግሞ የደሴቲቱን ኢኮኖሚ ከመሩት መካከል ነበሩ።