የሬጅስተር አደራ

ኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ ጎንደር። የኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። እኔና አንድ የዳባት ልጅ ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ሁለት መስኮት፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ መዝገብ። ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ልክ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን ቀሪው ይዛባል። መደርደሪያው ላይ ሰማንያ ፓኬት እያለ መቶ ነው ይላል። ልናየው ስንቀመጥ ይጠፋል፣ ስንነሳ ይመጣል። ሦስት ሌሊት ካደርኩበት በኋላ ሰው ፊት «የሱ ኮድ ነው» አልኩ። ልጁ አልተከራከረኝም። ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለሰላምታ ብቻ ሆንን።

በዚያው ወር ከኛ እጅግ ርቀው የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠሪዎችም እንዲሁ የሚመጣና የሚጠፋ ስህተት ይዟቸው ነበር። ታሪኩን ያነበብኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ካነበብኩት ጀምሮ ግን አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ሬጅስተር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሜሞሪ ጎተራ ቢሆን ሬጅስተር እፍኝ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው እፍኙ ውስጥ ባለው ብቻ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ፕሮግራሞችን በተራ ስለሚያስተናግድ፣ ተራ ሲቀየር የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የወጪውን ሬጅስተሮች ገልብጦ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ተራው ሲደርስ እንደነበሩ ይመልስለታል። ፕሮግራሙ መነሳቱን እንኳ አያውቅም። ሁሉም ነገር የቆመው በዚህ አደራ ላይ ነው።

አደራ መጠበቅ ግን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ስንፍና ተፈቅዷል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል 286 ፕሮሰሰር ውስጥ «ተራ ተቀይሯል» የምትል አንዲት ምልክት አለች። የነጥብ ቁጥር የሚያሰላ ፕሮግራም ያን ጊዜ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከርነሉ ምልክቷን አብርቶ የነጥብ ቁጥር ሬጅስተሮቹን ሳይነካ ያልፋል፤ አዲሱ ባለተራ ሊጠቀምባቸው ሲል ብቻ ፕሮሰሰሩ ያስቆመዋል፣ ያኔ ይገለበጣሉ። ሊኑክስም በዚህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ኖረ።

ዘመኑ ተቀየረ። ሬጅስተሮቹ ሰፉ፤ ኤቪኤክስ የሚባሉት እያንዳንዳቸው 256 ቢት ሆኑ፣ ጽሑፍ ለመገልበጥ ሳይቀር አገልግሎት ላይ ዋሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ 4.6 አሮጌውን ስንፍና እንደ ደንብ መከተል ተወ። በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያ ዘዴ የአንዱን ፕሮግራም ምስጢር ለሌላው ሊያሳልፍ እንደሚችል ይፋ ሆነ። የተዉት ሰዎች ዕድለኞች ነበሩ ማለት ነው።

ግን ፍጥነት ሁልጊዜ ይፈለጋል። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 5.2 በሌላ መልክ ማዘግየትን መለሰ፦ ከርነሉ ወደ ፕሮግራሙ እስኪመለስ ድረስ ሬጅስተሮቹን መልሶ አይጭንም። ይህ እንዲሠራ ከርነሉ አንድ ነገር በትክክል ማወቅ አለበት፤ አሁን ፕሮሰሰሩ ላይ ያሉት ሬጅስተሮች የማን ናቸው?

ስህተቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። ለፕሮግራም ሲግናል ሲመጣለት ከርነሉ ሬጅስተሮቹን እዚያው የፕሮግራሙ ሜሞሪ ላይ ይጽፋቸዋል። የሚጻፍበት ገጽ ገና ካልተዘጋጀ መጻፉ ይከሽፋል፤ ከርነሉ ገጹን አምጥቶ ድጋሚ ይሞክራል። ገጹን ሊያመጣ በሄደበት መሃል ሌላ ፕሮግራም ተራ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሲመለስ «አሁንም የዚሁ ናቸው ወይ?» ብሎ እንደገና መጠየቅ አለበት። የተጻፈው ኮድም ይጠይቃል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ 9፣ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀረው። መልሱን ቅድም ሰምቼዋለሁ ብሎ የቅድሙን ተጠቀመ። በዚህ የተነሳ ፕሮግራሙ ሲመለስ እፍኙ ውስጥ የሌላ ሰው እህል ያገኛል።

የጎ ሠሪዎች ያኔ ለሚመጣው 1.14 እትም ፕሮግራሞችን በሲግናል የማቋረጥ አዲስ ዘዴ እያዘጋጁ ነበር። ሲግናል በበዛ ቁጥር ብልሽቱም በዛ። ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጥረው አዲሱን ሥራ ነው። እነሱ ግን ጣት ከመቀሰር ይልቅ ነገሩን አጠበቡት፤ ጎ የሌለበት፣ በሲ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራምም ያንኑ ብልሽት አሳየ። የተበላሸውን ከርነል በጂሲሲ 8 ሲያዘጋጁት ደህና ነው፤ በጂሲሲ 9 ይበላሻል።

ታዲያ ጥፋተኛው ኮምፓይለሩ ነዋ! እኔ ብሆን እዚህ ላይ እፈርድ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱን የምታነበው ትእዛዝ ስሟ ውስጥ «ስቴብል» የሚል ቃል ነበራት፣ የማይለዋወጥ ማለት ነው። ኮምፓይለሩ የተነገረውን አመነ እንጂ አልዋሸም። መፍትሔው ያቺን ትእዛዝ «ስቴብል» በሌላት መተካት ሆነ። እርማቱ በ5.3.15 እና በ5.4.2 እትሞች ወጣ።

ይህን አንብቤ ስጨርስ የድሮ ፍላሽ ዲስኬን ፈለግሁ። የመድኃኒት ቤቱን ኮድ ከፈትኩት። ሽያጭ የሚመዘግበውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የሁለቱ መስኮቶች ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መመዝገቡ ይከሽፋል፣ ኮዴም ድጋሚ ይሞክራል። ድጋሚ ሲሞክር ግን ቀሪውን እንደገና አያነብም። ከመቋረጡ በፊት ያነበበውን ይዞ ይቀንስና ይጽፈዋል። በመሃል በሌላው መስኮት የተሸጠው ይጠፋል። እኛ ልናየው የምንቀመጠው ደግሞ መብራት ደህና ሲሆን ብቻ ነበር።

በስልክ የሚባል ነገር አልመሰለኝም። ቅዳሜ ጠዋት የደባርቅን መኪና ይዤ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፌ፣ በወገራ ብርድ ዳባት ወረድኩ። እናቱ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጠፍተህ?» ብለው ቡና አቀረቡልኝ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሲኒውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «እስቲ የትኛው መስመር ነው?» አለኝ። ላፕቶፔን አዞርኩለት።