የአነስተኛ ትራክተር የኋላ ማያያዣ፦ በማቆምና በማሠራት ወቅት ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የአነስተኛ ትራክተር የኋላ ማያያዣ ሁለት የታች ክንዶችና አንድ የላይ ዘንግ ያሉት፣ በሃይድሮሊክ ኃይል የሚነሣና የሚወርድ የትራክተሩ ክፍል ነው። ማረሻ፣ መከስከሻ፣ ሣር ማጨጃና ሌሎችም መሣሪያዎች የሚገጠሙት በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ላይ ነው። የግብርና ማሽነሪዎች ከቀረጥ ነፃ ወደ አገር እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ ትራክተር ገዝተው በራሳቸው የሚያሠሩ ወይም የሚያከራዩ ዜጎችና ማኅበራት ስላሉ፣ ይህ መረጃ ለባለንብረቶችና ለኦፕሬተሮች ተዘጋጅቷል።

ትራክተሩ ሲቆም መሣሪያው መሬት ይንካ

የተነሣ መሣሪያ በአየር ላይ የሚቆየው በሲሊንደር ውስጥ በታመቀ ዘይት ብቻ ነው። የጎማ ማሸጊያዎቹና ቫልቩ ሲያረጁ ዘይቱ ጥቂት በጥቂት ያመልጣል፤ ማታ ከፍ ብሎ የተተወ ማረሻ ጠዋት ዝቅ ብሎ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ድንገተኛው መውረድ ነው። መሣሪያው ለመነሣት የሞተር ኃይል ያስፈልገዋል፤ ለመውረድ ግን የራሱ ክብደት ይበቃዋል። በመሆኑም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ የማንሻው ሊቨር ወደ ታች ቢገፋ መሣሪያው ይወድቃል። በግቢ ውስጥ በቆመ ትራክተር ላይ አንድ ሕፃን ወጥቶ ሲጫወት ሌላው ከማረሻው ሥር ቢገኝ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከመቀመጫ ከመውረድ በፊት መሣሪያው ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ሊያርፍ፣ ሊቨሩ በመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሊደረግ፣ የእጅ ፍሬን ሊያዝ፣ ሞተሩ ሊጠፋና ቁልፉ ሊነቀል ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከመሣሪያው ሥር ገብቶ ምላጭ መለወጥ ወይም ብሎን ማጥበቅ የግድ ሲሆን፣ መሣሪያው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ወይም በወፍራም ግንድ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ሃይድሮሊኩም ሆነ ክሪክ ብቻውን ለዚህ ሥራ እንደ ድጋፍ አይቆጠርም።

በሸጎሌና በሌሎች የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ደግሞ የቦታው ተዳፋትነት ተጨማሪ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከተቻለ ደልዳላ ቦታ መምረጥ፣ ካልተቻለም ከጎማዎቹ ሥር በቁልቁለቱ በኩል ታኮ ማድረግ ያስፈልጋል። መሬት የነካ መሣሪያ ትራክተሩ እንዳይንሸራተት በመጠኑ ያግዛል፤ ፍሬንን ግን አይተካም። በማርሽ ማቆምን በተመለከተ የአምራቹን መመሪያ መከተል ተገቢ ነው። በተለይ ብዙዎቹ አዳዲስ አነስተኛ ትራክተሮች ያላቸው ሃይድሮስታቲክ የተባለው የማስተላለፊያ ዓይነት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጎማውን አጥብቆ ስለማይዝ፣ «ማርሽ ውስጥ ነው» ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን የጎጃም መንገድ ዳገት ይዞ ለድርቆሽ አጨዳ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ትራክተር ሌላ ሥጋት አለበት። ከኋላ የተንጠለጠለው ማጨጃ የትራክተሩን ፊት ያቀልለዋል፤ ዳገቱም ይህንኑ ያባብሰዋል። ፊቱ ሲቀልል መሪ ቢዞርም ጎማው አይታዘዝም። በአጠቃላይ የፊት ጎማዎች የሚሸከሙት ክብደት ከባዶው ትራክተር ክብደት 20 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይመከራል። ስለዚህ እንደ አስፈላጊነቱ ከፊት ተጨማሪ ክብደት መጫን፣ መሣሪያውንም ከመንገዱ ጋር እንዳይነካካ ያህል ብቻ ማንሣት፣ ሊቨሩን በመቆለፊያው መያዝና የጎን ማረጋጊያ ሰንሰለቶቹን ማጥበቅ ያሻል።

ጉተታ ከዝቅተኛው ቦታ ብቻ

በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሁሉ ሕይወት በመቅጠፍ የከፋው ስሕተት ሰንሰለትን በላይኛው ዘንግ መያዣ ወይም በኋላ አክሰል ላይ አስሮ መጎተት ነው። የተጣበቀ መኪና ወይም የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲጎተትና ጭነቱ አልንቀሳቀስ ሲል፣ የኋላ ጎማዎች ኃይል ትራክተሩን ወደፊት መግፋቱን ትቶ ፊቱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ትራክተሩ በኦፕሬተሩ ላይ ወደኋላ ለመገልበጥ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ይህ ፍሪሲዮን ረግጦ ለማምለጥ የማይበቃ ጊዜ ነው። ማንኛውም ጉተታ በአምራቹ በተሠራው ዝቅተኛ መጎተቻ በኩል ብቻ መሆን አለበት።

ማያያዣው ራሱ ከዚሁ አደጋ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በቀድሞዎቹ ቀላል ትራክተሮች ማረሻው ከኋላ በሰንሰለት ወይም በዘንግ የሚጎተት ስለነበር፣ ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ይገለበጥ ነበር። የአየርላንዱ ተወላጅ መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻውንና ትራክተሩን እንደ አንድ አካል የሚያስተሳስር ዘዴ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1926 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት፤ በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በወጣው ትራክተር ላይም ዘዴው በስፋት ተዳረሰ። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ የሚታወቀው የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ስያሜ ከዚሁ ሰው የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የሚሠራው መሣሪያው በሦስቱም ነጥቦች በትክክል ሲያያዝ ነው። ሰንሰለት በላይኛው ነጥብ ላይ የሚያስር ሰው ወደ ቀድሞው አደጋ ይመለሳል።

ሲገጠምና ሲሽከረከር

መሣሪያ በሚገጠምበት ጊዜ ትራክተሩ ወደኋላ እየሄደ ሳለ በትራክተሩና በመሣሪያው መካከል ማንም ሰው መቆም የለበትም። ረዳቱ ኦፕሬተሩ በሚያየው ጎን ሆኖ ምልክት ይስጥ፤ ወደ መካከል የሚገባውም ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ግራ የታች ክንድ፣ ቀጥሎ በአብዛኛው ማስተካከያ ያለው የቀኝ ክንድ፣ በመጨረሻም የላይ ዘንግ ነው። ፒኖቹ በልካቸው የተሠሩ ይሁኑ። በፒን ፋንታ ብሎን ወይም ፌሮ ቆርጦ መጠቀም በአንዳንድ ቦታ ይታያል፤ የማይፈቀድ ነው።

ኃይል ከሞተሩ ወደ ማጨጃው የሚያደርሰው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። በጠዋቱ ብርድ የተደረበ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም የአንገት ፎጣ ጫፉ አንዴ ከተያዘ ባለቤቱ እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። የዘንጉ ፕላስቲክ መሸፈኛ ተሰብሮ ከሆነ ሳይተካ ሥራ መጀመር የለበትም፤ በሚዞር ዘንግ ላይ መሻገርም ፈጽሞ ክልክል ነው።

የሃይድሮሊክ ቱቦዎች ሲፈተሹ ፍንጣቂ በባዶ እጅ አይፈለግም። በከፍተኛ ግፊት ከጥቃቅን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትንም ቆዳንም ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ በቱቦው አጠገብ ካርቶን በማሳለፍ ካርቶኑ ላይ የሚታየውን ርጥበት መመልከት ይገባል። ዘይት የገባበት ቁስል የመርፌ ጫፍ ያህል ብቻ ስለሚታይና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ተጎጂው ቸል ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልጸዳ ጣትን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላል። ተጎጂው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ፣ ለሐኪሙም የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።