ቤቱ የማን ነበር? ማንስ ኖረበት?

በሚዛን አሮጌ ሰፈሮች የቆሙት የጭቃ ቤቶች የማን እንደሆኑ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ የወንድ ስም ነው። «የፊታውራሪ እገሌ ቤት»፣ «የቡና ነጋዴው የእገሌ ቤት» ይባላል። በዚያው ቤት ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገችው፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭቃ አቡክታ የመረገችው ሴት ግን ስሟ አይነሳም። የአሮጌ ቤቶችን ታሪክ መመዝገብ የጀመርነው ይህን ጉድለት አይተን ነው። ነገሩ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እኅታችን «ቤቱን ልቀቂ» በተባለች ጊዜ፣ ማን መቼ እንደሠራውና ማን እንደኖረበት የሚያስረዳላት ሰውና ወረቀት ያስፈልጋታል።

የቤት ታሪክ ከመሬቱ ይጀምራል። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ከፋ ከዘመተ በኋላ ይህ አገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ወታደሮችና ሹማምንት ሰፈሩበት፤ የአገሩ ሰው ገባር ተደረገ። ስለዚህ የአንድን ቤት ባለቤቶች ወደ ኋላ እየቆጠርን ስንሄድ፣ ከቆርቆሮው ቤት በፊት የሣር ቤት፣ ከሣር ቤቱም ጀርባ የቤንች ወይም የሸኮ እናቶች የተከሉት የእንሰት ጓሮ ልናገኝ እንችላለን። በኋላ ሚዛን ተፈሪ በከፋ ጠቅላይ ግዛት የጊሚራ አውራጃ ከተማ ስትሆን ደግሞ ቡናው ነጋዴውን፣ ሥራው መንግሥት ሠራተኛውን ከየአገሩ አመጣ። ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው ማደሪያ የሆነው ቤት የዚህ ዘመን ምልክት ነው።

ፍለጋችንን ለሁለት የሚከፍለው ዓመት 1967 ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደለት፤ የቀረው ተወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም በቀበሌ እጅ ገቡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ድኾች በዝቅተኛ ኪራይ ጣራ አገኙ፤ ከኪራይ በምታገኘው ገንዘብ ስትተዳደር የነበረች ባልቴትም መተዳደሪያዋን አጣች። ሁለቱም የአንዱ አዋጅ ታሪክ ናቸው፤ ሁለቱንም እንመዘግባለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ የግል ነው ወይስ የቀበሌ?» የሚለው ነው። የግል ከሆነ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ የወራሽነት ማስረጃ ይፈለጋል። የቀበሌ ከሆነ ደግሞ የኪራይ ውልና የኪራይ ደረሰኝ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለምና፣ የነዋሪዎቹን ስም በባለቤት ዓምድ ሥር አንጽፍም። የእድር መዝገብም ትልቅ ረዳት ነው፤ መዋጮ ማን ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደከፈለ ያሳያል። ነገር ግን በብዙ መዝገብ ላይ ሴቲቱ «የእገሌ ባለቤት» ተብላ ስለምትቀር የራሷን ስምና የአባቷን ስም ጠይቀን ከጎኑ እንጽፋለን።

ወረቀት በሌለበት እናቶቻችን አሉ። እነርሱ ዓመተ ምሕረቱን ባይጠሩም «ትርፍ ቤት ሲወረስ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነበር»፣ «ደርግ ሲወድቅ የኋላውን ክፍል ጨመርን» ይላሉ። የልጁን ዕድሜ ከጠየቅን ዓመቱ ይገኛል። አንድ ምስክር ብቻ ግን አይበቃም፤ ሁለት ጎረቤቶች ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው ሲገጥም እንጽፋለን። ካልገጠመም ሁለቱንም ቃል እናስቀምጣለን።

ከአጠያየቁ የተማርነው ነገርም አለ። «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ መጀመር ሰውን ያስደነግጣል፤ ሊነጥቁኝ ነው፣ ሊከሱኝ ነው ያሰኛል። «ከእናንተ በፊት እዚህ ማን ኖረ?» ያልን ጊዜ ግን ቡና ይፈላል፣ ወሬውም ይመጣል። የባለቤትነቱ ነገር በኋላ ራሱ ይወጣል። በተለይ ስለ ገባር ዘመን ስንጠይቅ ዛሬ በቤቱ ያለችው እኅት የትናንቱ ዕዳ እንደሌለባት አስቀድመን እንናገራለን። የምንመዘግበው ማንንም ለማስነሳት አይደለም፤ የተረሳው እንዲታወስ፣ ያለችውም እንዳትረሳ ነው።

ሕጉም ተለውጧል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ግን ሴቶች ንብረት በማፍራት፣ በማስተዳደርና በመውረስ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይሁንና መብቱ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ ቤቱ በጋራ መሠራቱን የሚያስረዳ ከሌለ ክርክሩ ይከብዳል። ቆርቆሮው የተገዛበት ደረሰኝ፣ ለአናጢው የተከፈለው ገንዘብ፣ ከእቁብ የወጣው ብር የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ እኅቶች፣ ለእያንዳንዱ አሮጌ ቤት በማኅበሩ ደብተር አንድ ገጽ ከፍተናል። በየሰፈራችሁ ያሉትን አረጋውያን ሳይደክሙ ጠይቁልን። ቤቱ መቼና ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደወለደበት፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን እንደተከራየው አስጽፉ። የራሳችሁንም ደረሰኝ በሳጥን ሰብስባችሁ አስቀምጡ፤ ስማችሁ የሌለበት ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ አስገቡ። ነገ የልጅ ልጆቻችን «ይህ ቤት የማን ነበር?» ሲሉ መልሱ ላይ የእኛም ስም ይኑርበት።